በእማዬ ስም የተመዘገበችው

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ስኳርሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል። አዎ፣ ካልሲ አደርጋለሁ። በአርባ ሁለት ዓመቷ ካልሲ አደረግሽ ወይ ተብላ በደብዳቤ የምትጠየቅ ሴት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ባለፈው እሁድ በስልክ ግማሽ ሰዓት ስጮህልሽ፣ ላይ ቤት ያሉት ተከራዮች ሰው የተጣላ መስሏቸው ሊገላግሉ ወረዱ። ጆሮሽን የስፌት ማሽኑ ከበላው ወዲህ ደብዳቤ ይሻለናል፤ ቢያንስ ጎረቤት አይረበሽም።

ስለ ደንበኛሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ። ካረጠች ስድስት ዓመት ሆኗት ደም ካየች፣ ጠብታም ብትሆን፣ አንድ ቀን ብቻም ቢሆን፣ ዝም አይባልም። «ልጅነቴ ተመለሰ» እያለች ትስቃለች ያልሽኝ እኔን አላሳቀኝም።

ላንቺ በሚገባሽ ላስረዳሽና ንገሪያት። ማህፀን ገበር እንዳለው ካፖርት ነው። በወር በወሩ ገበሩ ይወፍርና ተተርትሮ ይወርዳል፤ የወር አበባ የምንለው እሱን ነው። ሴት ካረጠች በኋላ ገበሩ ስስ ሆኖ አርፎ ይቀመጣል። አርፎ መቀመጥ ያለበት ነገር ደም ካመጣ ምን ነካው ብሎ ማየት ግድ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ነገር ይሆናል። አንዱ ግን የዚያ የገበሩ ካንሰር ነው። ደግነቱ ይሄኛው እንደሌሎቹ ተደብቆ አይቆይም፤ ገና ሲጀምር በደም ራሱን ያጋልጣል። በጊዜ ከደረሱበት ማህፀኑን ያወጡታል፣ ብዙዎቹም ይድናሉ። በጊዜ ከደረሱበት ነው ያልኩሽ፣ ልብ በይ።

ሐኪሙ ከገበሩ ቁራጭ ይወስዳል። እናንተ ጋ ይህን የሚመረምር ስለሌለ ናሙናው ወደ እኛው ላቦራቶሪ ነው የሚላከው። ማን ያውቃል፣ እኔው እጅ ይገባ ይሆናል። ሰም ውስጥ አድርጌ፣ ከፀጉር አሥር እጥፍ በቀጠነ ልጬ፣ መስታወት ላይ አንጥፌ፣ ቀለም ነክሬ ለሐኪሙ እሰጠዋለሁ። አንቺ በመቀስ እኔ በምላጭ፤ ሁለታችንም እንጀራችን መቁረጥ ሆኖ ቀረ።

እማዬንም እንዲህ ነበር የጀመራት፣ አይደል? አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔማ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለሕክምና ሄዳለች፣ ትመጣለች ብለሽኝ ሦስት ወር ሙሉ በር ላይ ስጠብቃት ለካ ተቀብራ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነበር፣ ምን ታደርጊ። ግን አልረሳሁትም። ስለዚህ ሴትየዋን ግፊያት።

ጩጬሽ

ኅዳር 5

ለጩጬዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ስምንት ቀን ሆነ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተማሪ ኮት ሥራ ገብቶ ቀና ማለት አቅቶን ነው። ቶሎቶሎ የምንላቸው አለቃችን እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ቆመው «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲሉ ይውላሉ። ይሙቱ ብለን አንረግማቸውም፣ ሌላ የባሰ ይመጣል ብለን።

ደንበኛዬ ሄደች። እንዴት አሳመንሻት ብትዪኝ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ ስለ ገበሩ ያልሽው ወዲያው ገባት። አብሬያት ስለሄድኩ ሁሉንም አይቻለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ደሙ ምን ይመስላል፣ ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቃት። «አላውቅም» አለችው። ለካ የምታደርገው የተረፈ የገበር ጨርቅ ነበር፤ ጥቁር። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደምን ማን ያየዋል? እርጥብ ነው ደረቅ ነው ብላ ብቻ ነው የምታውቀው። መቼ ጀመረሽ ሲላት «ዘንድሮ ነው» አለችው፤ ውሸቷን ነው፣ ከአምና በፊት ነው። አፍራ ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ደግሞ ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ አላት። «አንድ አሳድጌያለሁ» አለችው። እሱ ግን «አልወለደችም» ብሎ ጻፈ። ያልወለደች፣ ከበድ ያለች፣ ስኳር ያለባት ሴት ላይ በሽታው ይበረታል አሉ። ይሄን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሰብስቦ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

ቁራጩን ሲወስዱ ያማል። እንደሚያማት ፊቷ ላይ አይቼ ነው።

አንቺ እንዳትጨነቂ። ሴትየዋ ጠንካራ ናት። ውጤቱ ሲመጣ እጽፍልሻለሁ። ባለፈው የላክሽልኝ መነጽር ልክ ነው፣ ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት እንደገና ጀመርኩ።

እትዬሽ

ኅዳር 29

ለእትዬ፣

የደንበኛሽን ነገር ሳትነግሪኝ ዘገየሽብኝ። ወይስ ውጤቱ ገና ነው?

እኔ ጋ ያለውን ልንገርሽና፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ደብዳቤውን ቅደጂው፤ የታካሚ ነገር ለሰው አይወራም፣ ከሥራዬ ያስባርረኛል። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ከተማ ናሙና መጣ። መዝገቡን ስገልጥ የሴትየዋ ስም የእማዬ ስም ሆኖ አገኘሁት። የአባቷ ስም ሌላ ነው፣ ግን የእማዬን ስም በዚያ ወረቀት ላይ ሳይ መዝገቡን መልሼ ከደንኩት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እኩያሽ ናት። ለባልደረባዬ ልሰጠው አስቤ ደግሞ ለእማዬ ስም ስል እኔው ቆረጥኩት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የቆረጥኩት ናሙና የለም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሳየው የከረምኩትን ነገር ዓይኔ ይለየዋል። ቀለሙን ነክሬ ወደ ብርሃን ብድግ ሳደርገው ገባኝ። ሐኪማችን ደግሞ አይተው ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ካሉ ነገሩ ክፉ ነው። ካንሰሩ ከኃይለኛው ዓይነት ነው። «ይቺ ሴት በጣም ዘግይታለች፤ ዛሬ ነገ ሳትል ቀዶ ሕክምና ካልገባች አለቀላት» አሉ። አስቸኳይ የሚል ማኅተም መትተን ላክነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ደግሞ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? እንኳን የእኔ ሰው አልሆነች አልኩ። ይሄ ክፋት ነው፣ ግን አልኩት። አንቺ እዚያ ማሽንሽ ላይ ጎንበስ ብለሽ ቶሎቶሎን እያማሽ መሆንሽን አስቤ ደስ አለኝ።

ጩጬሽ

ታኅሣሥ 16

ለጩጬዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዳልሽው ቀድጄዋለሁ።

የደንበኛዬ ውጤት መጣ፤ ምንም የለባትም። ተገላገልን። ከእንግዲህ ስለ እሷ አትጠይቂኝ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳለች።

የዚያችን በእማዬ ስም የምትጠራዋን ሴት ነገር ግን ከልቤ ማውጣት አቃተኝ። እንኳን የእኔ ሰው አልሆነች በማለትሽ አትቆጪ፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፣ እኔም ብሆን እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አለቀላት ሲሉ በስንት ጊዜ ነው? በወር ነው? በዓመት ነው? ቀዶ ሕክምናው ውስጥ ለመግባት አንድ ሁለት ወር ወረፋ ቢኖርስ? ስለ እሷ ልጸልይ ብዬ ነው፤ ስንት እንደቀራት ሳላውቅ እንዴት እለምንላታለሁ።

ትንሽ ይደክመኛል፤ ድካሙ የኮቱ ነው። ሲያልቅ ይለቀኛል።

እትዬሽ

ጥር 19

ለእትዬ፣

አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ ነው የምጽፈው፤ የሚደርስሽም በአውቶቡሱ ሹፌር በኩል ነው። ፖስታውን የምንጠብቅበት ጊዜ የለም።

ያቺ በእማዬ ስም የምትጠራው ሴት ውጤት ተመልሶ መጣ። ላዩ ላይ «ታካሚዋ አልተገኘችም» ብለው ጽፈውበታል። ሁለት ወር ሊሞላው ነው እትዬ። ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሴትየዋ ምናልባት ደህና ነኝ ብላ ቤቷን ትጠርጋለች። የሐኪም ቤታችሁን መዝገብ ቤት በስልክ ጠየቅኳቸው። አንዲት ሴት መጥታ ነበር፣ ግን መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ስለሆነ አልሰጠናትም፣ ታካሚዋን ይዘሽ ነይ ብለን መለስናት አሉኝ። ዘመድ ትሆናለች መሰለኝ።

እባክሽ ፈልጊያት። ከተማዋን ታውቂያታለሽ፣ ሴቱ ሁሉ ደንበኛሽ ነው። ከናሙናው ጋር የተላከውን ቅጽ ዛሬ ገና አውጥቼ ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ፣ ያለውን ሁሉ ልገልብጥልሽ። ዕድሜ ሃምሳ ስምንት። ስልክ የላትም። ስኳር አለባት። አልወለደችም። መድማት የጀመራት ዘንድሮ ነው፣ የደሙን መጠን አታውቅም፣ ጥቁር ጨርቅ ስለምትጠቀም። ሥራ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቆራጭ

እትዬ።

አንቺ ነሽ?

ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ኅዳር ላይ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩት። ጥቁር የገበር ጨርቅ። አንድ አሳድጌያለሁ። እንዴት አላየሁም? እንዴት እንደዚህ ዕውር እሆናለሁ? በእጄ ቆርጬሻለሁ። ወደ ብርሃን አንስቼ አይቼሻለሁ። ደግሞ አለቀላት ብዬ ላንቺው ጻፍኩልሽ።

ለሹፌሩ አደራ ብዬዋለሁ። መልስሽን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቃል ጻፊ፣ ነኝ ወይም አይደለሁም በይ። ነኝ ካልሽ ወዲያው መንገድ እገባለሁ።

ጥር 20

ለጩጬዬ፣

ነኝ።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ መሪውን እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ልጻፍ። አትምጪ፣ እኔ እመጣለሁ። ሆስፒታሉ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ መመላለስ ምን ያደርጋል። ከነገ ወዲያ በዚሁ ሰው አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ወንበር ይዞልኛል።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ሳትጠይቂኝም ልመልስልሽ። ናሙናው ወደ እኛ ነው የሚመጣው ስትዪኝ ደነገጥኩ። ስሜን በዚያ መዝገብ ላይ እንድታዪው አልፈለግኩም። ሄጄ መዝጋቢው ስም ሲለኝ ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣ አለ። የእማዬ መጣ። የአባት ሲለኝ የአከራዬን ሰጠሁ። አለቀ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ምንም አይገኝብኝም፣ ጩጬም አታውቅም፣ ነገሩ ያልፋል ነው ያልኩት።

ውጤቱን ልወስድ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተቀምጫለሁ። ስም ይጠራሉ፤ ጆሮዬም አይሰማም፣ ብሰማም ስሙ የእኔ መሆኑን እረሳለሁ። ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው ውጤቴን ያወቅኩት። በማግስቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ መታወቂያ አለኝ፣ ሰጠሁት። እውነቱን ነገርኩት፣ ለመንኩት። «ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፣ ታካሚዋን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የተቀበረችን ሴት ከየት ይዤ ልምጣ? እንደ አዲስ ናሙና ለመስጠት የሁለት ወር ወረፋ ጻፉልኝ። ያን እየጠበቅኩ ነበር።

ላንቺ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ስለ እማዬ የሠራሁትን ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ ነበር። ይሄንን ደግሞ ጨምሪልኝ።

ሹፌሩ አውቶቡሱን አስነሳ።

እትዬሽ

ሰኔ 2

ለጩጬዬ፣

እቤቴ በሰላም ገብቻለሁ። አልጋዬ እንደነበረ ነው። አራት ወር አስቸግሬሽ፣ አጥበሽኝ፣ አቅፈሽ ሽንት ቤት ወስደሽኝ ስትመልሺኝ አንድ ቀን ፊትሽ አልጠቆረም። ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ መጀመሪያ የነገርሽኝ ነገር ትዝ ይለኛል። «ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብትደብቂኝ አልቀብርሽም» አልሽኝ። ነርሷ ደነገጠች፣ እኔ ግን ሳቅኩ፣ ስፌቱ እስኪያመኝ።

ስለዚህ አልደብቅሽም። ትናንት እዚህ ያለው ትሑቱ ሐኪም ደረቴን በራጅ አየው። ሳሉ የብርድ አይደለም። ወደ ሳንባዬ ገብቷል። ጨረሩም መድኃኒቱም ያላገኙት ነገር ቀድሞ ሄዶ ነበር። ስንት ጊዜ ቀረኝ አልኩት። ሊሸሽ ፈልጎ ነበር፣ እጁን ያዝኩት። የሐምሌን መጨረሻ ብታዪ ነው አለኝ።

ፈርተሻል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ነው የምፈራው፤ የሥራ ሰዓት ሲደርስና ሁሉም ሲወጣ። ቶሎቶሎ ሊጠይቁኝ መጥተው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው «ቀስ በይ፣ ቀስ» አሉኝ። እሳቸው ቀስ ካሉማ ነገሬ አብቅቷል።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ያ ሐኪማችሁ በፊቴ የነገረሽን አልረሳሁም። እናትሽም እህትሽም በዚህ ከታመሙ ይሄ ነገር በደም ሊወረስ ይችላል፣ አንቺም ሳትውዪ ሳታድሪ ተመርመሪ ብሎሽ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ስትዪ አይቼሻለሁ፤ እሺ እሺሽን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ተመረመርሽ? ምን አሉሽ? ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ማህፀን ሳይኖረኝ ተኝቼ የማስበው ያንቺን ነው። አንቺ ነፃ ከሆንሽ እኔ በዚህ በሽታ ተሸነፍኩ አልልም፤ እኔ ላይ ቆመ እላለሁ።

ከቻልሽ ሐምሌ ሳያልቅ ነይ። እጅሽን መያዝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም፣ አይደል? አስለመድሽኝ።

እትዬሽ

ሰኔ 27
ያልተላከ

ለእትዬ፣

እውነቱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

ተመርምሬያለሁ። ናሙናዬ ሲመጣ ባልደረባዬ ከክፍሉ አስወጣችኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማሽኑን ድምፅ ሰማሁት። ስትወጣ ዓይኔን አላየችኝም። እኔም ጋ አለ እትዬ። ግን የእኔ ገና ነው፣ ከገበሩ አላለፈም። ሐኪማችን ይሄ ይድናል አሉኝ፤ ደግሞ ዝም አላሉም፣ ብዙ አወሩ፣ በዚያ አመንኳቸው። ያወጡታል፣ እኖራለሁ። ልጅ አልወልድም፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ እወልዳለሁ ብዬም አልነበረም፣ ግን ሳለቅስ ነው የዋልኩት።

ቀኑ ሐምሌ 8 ነው። መጀመሪያ እህቴን አይቼ ልምጣ፣ አንድ ወር ብቻ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። «እህትሽ በከንቱ ያለፈባት ስንት ወር ነበር?» አሉኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ስድስት ሳምንት አውቶቡስ የለም፣ መንገድ የለም። ቆጠርኩት፣ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ ይመጣል። አንቺ ሐምሌ መጨረሻ አልሽኝ።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ልሳፈር ነበር። ሻንጣዬን ዘግቼ በር ላይ ደርሻለሁ። እዚያ ደርሼ ፊትሽን አሰብኩት፤ የእኔን ቀን አሳልፌ አንቺ ጋ መምጣቴን ብታውቂ ምን እንደምትዪኝ። በዚያ አቅምሽ ተነስተሽ ትገፊኝ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንቺን ብቻሽን ትቼ ለመዳን ተቀመጥኩ። ይሄ ምን ይባላል?

እትዬ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በልቤ ይዤብሽ ነበር። እማዬ ትመጣለች ስትዪኝ ፊቴን እያጠብሽኝ ነበር፤ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት ቻለች እያልኩ ነው ያደግኩት። ዛሬ ይሄን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ለማጠፍ አንስቼ አስቀመጥኩት። እኔ ላይ ቆመ ብለሽ መተኛት ከቻልሽ፣ እኔ ነኝ እንዴ ተነሺ የምልሽ?

ሰኔ 27

ለእትዬ፣

ነፃ ነኝ።

ተመረመርኩ፣ ቁራጭ ወሰዱ፣ አዩት፣ ምንም የለም። ሐኪማችን ራሳቸው ናቸው ያዩት፤ አንቺ እንዳትጠራጠሪ ሁለት ጊዜ እዩልኝ ብያቸው አዩልኝ። ደምም አላየሁም። በሽታው አንቺው ጋ ቆሟል።

መምጣቴን በተመለከተ አትቀየሚኝ። ለሐምሌ ፈቃድ ጠይቄ አለቃዬ ከለከለኝ። ሁለት ሠራተኛ ለቀውብን ናሙናው ተቆልሏል። ተጣላሁት፣ አልሆነም። ታውቂያለሽ፣ እያንዳንዱ የሚጠብቅ ሰው አለው። ስደቢኝ፣ ከእህቷ ሥራዋን አስበለጠች ብለሽ ለቶሎቶሎም አሚኝ፣ እሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ሐኪሙ ያለሽን አትስሚው፤ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል። ትንሽ ትንሽ ብዪ። ሳሉ ሲበረታብሽ በትራስ ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ መስኮቱንም አስከፍቺ።

ጠብቂኝ እትዬ። እመጣለሁ።

ጩጬሽ